የካቲት 12 የበቀል ፊልም አይደለም

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ከቤተሰብ ጋር ላንጋኖ ነበርን። ማታ ራት ተበልቶ እሳት ዳር ቁጭ እንዳልን የወንድሜ ልጅ ላፕቶፑን ከፈተና «የበረሃው አንበሳ» የሚባለውን ፊልም አሳየን። እ.ኤ.አ በ1981 የወጣ ፊልም ነው። የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙክታርን አንቶኒ ክዊን፣ ጄኔራል ግራዚያኒን ኦሊቨር ሪድ ሆነው ይሠሩበታል። ሽማግሌው አርበኛ ወደ መስቀያው ሲወጡ ሁላችንም ዝም አልን። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ግራዚያኒ የእኛው ግራዚያኒ ነው?» አለኝ።

«ራሱ ነው። ከዚያ ጨርሶ ነው ወደ እኛ የመጣው» አልኩት።

«ታዲያ የእኛ ፊልም የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን ፊልሙን እዚያው መሥራት ጀመረ። «በሁለቱ ልጆች ይጀመራል፤ አብርሃና ሞገስ። ቦምቡን ይወረውራሉ፣ ግራዚያኒ ይወድቃል፣ ከዚያ በቀል! ከተማው ይቃጠላል። ዘረኝነቱ አለ፣ ዝርፊያው አለ። ምን ይጎድለዋል?»

ምንም የሚጎድለው አይመስልም። ግን ግራዚያኒ ራሱ በሕይወት ቢኖርና ፊልም ሥራ ቢባል የሚጀምረው ከዚሁ ከቦምቡ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩትን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

🔹 አንድ ቀን፣ ሁለት ቦታ

ጠዋት ልጁን ይዤ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ከላንጋኖ በስተምዕራብ የሻሸመኔን አስፋልት ሲሻገሩ አቢጃታና ሻላ ናቸው። አብዛኞቻችን በዚህ መንገድ የምናልፈው ወደ ሐዋሳ ስንሄድ፣ ወይም እንደኛ ለእረፍት ስንመጣ ነው። መስኮት ከፍተን ፎቶ አንስተን እናልፋለን። በ1929 የካቲት ላይ ግን ይህ የሐይቆች ምድር የመጨረሻው የኢትዮጵያ መደበኛ ጦር የተከበበበት አካባቢ ነበር።

ጦሩ የሲዳሞና የባሌ ጦር ነው። መሪዎቹ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ናቸው። ራስ ደስታና ደጃዝማች በየነ ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱ አማቾች ነበሩ። ራስ ደስታ ከግራዚያኒ ጋር የቆየ ሂሳብ ነበራቸው፤ በደቡቡ ግንባር፣ በገናሌ ዶሪያ በኩል፣ ገና በጦርነቱ ወቅት ፊት ለፊት ገጥመውታል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ እንኳ እስከ 1929 ኅዳር ድረስ ይርጋለምን ይዘው ቆይተዋል። እነሱን ለማሳደድ ከተመደቡት ኃይሎች አንዱ በጄኔራል ጌሎዞ የሚታዘዝ ልዩ ክፍለ ጦር ሲሆን ስሙ «ላጊ» ነበር፤ ትርጉሙ ሐይቆች ማለት ነው። እኛ ለመዝናኛ የምናውቃቸው ሐይቆች ለእነሱ የአሳዳጅ ጦር መጠሪያ ነበሩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ ላይ ያ ጦር ተደመሰሰ። ደጃዝማች በየነና ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያው አለቁ። ራስ ደስታ ቆስለው አመለጡ፤ ግን ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 17፣ በትውልድ አገራቸው በጉራጌ ምድር ተይዘው ተረሸኑ። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለ። ሊሴ ገብረ ማርያም የሚባለውን የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ገብረ ማርያም ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ፣ የካቲት 12 ነው። ከዚህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ላይ ቦምቡ የተወረወረበት ያው ቀን። የተያዙትን መሪዎች የመግደሉ ትዕዛዝ ከቦምቡ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ያ ትዕዛዝ ከስምንት ወር በፊት ደርሶ ነበር።

🔹 ቴሌግራሞቹ

ይህን የምታነቡበትን ቴሌግራም ማለቴ አይደለም፤ የሙሶሊኒን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ፍርድ ሚኒስቴር የጣሊያንን ቴሌግራሞችና የዓይን ምስክሮችን ቃል ሰብስቦ በሁለት ጥራዝ አሳትሟል። እዚያ ውስጥ ያለውን በቀን ቅደም ተከተል ብቻ ላስቀምጥላችሁ።

ግንቦት 28 ቀን 1928፦ ሙሶሊኒ ተይዘው የሚመጡ «ዓማፅያን» ሁሉ እንዲረሸኑ ለግራዚያኒ አዘዘ።

ሐምሌ 1 ቀን 1928፦ በዓማፅያኑና በሚረዳቸው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በሥርዓት እንዲፈጸም ፈቀደ።

ሐምሌ 22 ቀን 1928፦ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1929፦ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን፣ ሕይወታችሁ ይጠበቃል ተብለው እጅ ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929፦ ቦምቡ።

ይህን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ከቦምቡ ስትጀምሩ ሁሉም ነገር «አጸፋ» ይመስላል። ከላይ ስትጀምሩ ደግሞ ቦምቡ ራሱ መልስ ሆኖ ይታያል። የወንድሜ ልጅ ፊልም ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ካሜራው የተተከለበት ቦታ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶታል።

🔹 የመጀመሪያዎቹ ሟቾች

የዕለቱን ነገር በአጭሩ። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው ማለት ነው፣ ለድሆች ሁለት ሁለት ማርትሬዛ ብር እሰጣለሁ ብሎ ጠራ። ዓይነ ስውሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ አዛውንቱ፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ግቢውን ሞላው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ስምዖን አደፍርስ በመኪናው አሸሻቸው። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። አጠገባቸው የነበሩት አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ።

ከዚያ ጠባቂዎቹ ተኩስ ከፈቱ። የተኮሱት ቦምብ ወርዋሪዎቹ ላይ አልነበረም፤ እነሱ ሄደዋል። የተኮሱት ግቢ ውስጥ ለሁለት ብር በተሰለፉት ለማኞች ላይ ነው። በቀል ቢሆን ኖሮ የሚፈልገው ሰው ነበረው። እዚህ ግን ዓይነ ስውርና ቦምብ ወርዋሪ አልተለዩም፤ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ በቂ ነበር። የዘረኝነት ፍቺው ይኸው ነው፤ ጥፋተኛን መፈለግ የማያስፈልግበት ቅጣት።

ከሰዓት በኋላ የፋሽስት ፓርቲው የከተማው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ሰብስቦ ለሦስት ቀን ልቅ ፈቃድ ሰጠ። ወታደር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ፣ ግንበኛው፣ የቢሮ ጸሐፊው ሁሉ ዱላና የብረት ዘንግ ይዞ ወጣ። ቤንዚን እየተርከፈከፈ የሣር ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ከተማው ውስጥ የነበረው የሃንጋሪው ሐኪም ሳቫ ያየውን ጽፎ ሲልቪያ ፓንክረስት በጋዜጣዋ አወጣችው። የ«ኮሪየሬ ዴላ ሴራ» ጋዜጠኛ ፖጂያሊ ደግሞ ለጋዜጣው መላክ ያልቻለውን በምስጢር ማስታወሻው ላይ አሰፈረ። የራሱ ወገን የሆነ ሰው ነው ይህን የመዘገበው።

የሟቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ አስመዝግቧል። ረጅም ዓመት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይላል፤ ይህም በዚያን ጊዜው ከተማ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የጣሊያን ባለሥልጣናት የተናገሩት ጥቂት መቶዎችን ነበር። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል። ሁለት ብር ሊቀበሉ በተሰለፉት ላይ ግን ክርክር የለም።

🔹 ሌብነቱ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚዘልለው ክፍል ይሄ ነው። ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ ነው። ሦስቱን ቀን ሰው እየተገደለ ቤት ይዘረፍ ነበር። የሚቃጠለው ቤት መጀመሪያ ይበረበራል። ብሩ፣ ወርቁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ይወሰዳል። ከዚያ እሳቱ ማስረጃውን ያጠፋል። የተናደደ ሰው ይገድላል እንበል። ተናዶ ሳጥን የሚፈትሽ ሰው ግን ንዴቱ ሰበብ ነው።

ይህ የሦስት ቀን ጉድ ብቻ አልነበረም። ያ መንግሥት ሲመሠረትም በዚያው ጠባይ ነው። ሮም ለመንገድና ለግንባታ ያፈሰሰችው ገንዘብ በኮንትራክተርና በሹም መካከል ይቀልጥ ነበር። ግራዚያኒን የተካው የአኦስታ መስፍን ራሱ ከሹሞቹ ግማሾቹ ችሎታ የሌላቸው፣ ሩቡ ደግሞ ሌቦች ናቸው ብሎ ማማረሩን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሊያሠለጥኑን መጣን ያሉን ሰዎች አለቃ ስለራሱ ሰዎች የተናገረው ነው።

ዘረኝነቱም በንዴት የሚመጣና የሚሄድ ስሜት ሳይሆን ወረቀት ላይ የሰፈረ ሕግ ነበር። ከጭፍጨፋው ሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 1929፣ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። ከተማው በፕላን ተከፈለ፤ የነጭ ሰፈርና የ«ተወላጅ» ሰፈር። አራዳ ጊዮርጊስ የነበረው ትልቁ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ለአገሬው ሰው ወደተመደበው ቦታ ተወሰደ። ያ ገበያ ዛሬ መርካቶ ነው። ነጋ ጠባ የምንጠራው ስም፣ በአፍሪካ ታላቁ ገበያ እያልን የምንኮራበት፣ ሲጀመር የተለያችሁ ሁኑ ተብሎ የተሰጠ ነው። መርካቶን ነጋዴው የራሱ አድርጎ አሸነፈው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ግን ከየት እንደተነሣ ማወቅ አይከፋም።

🔹 ቁጣው ከበረደ በኋላስ?

«ይሁን፣ ለሦስት ቀን አብደው ነው» የሚል ካለ ግንቦትን ይጨምርበት። ከቦምቡ ሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ዕለትና በማግስቱ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምዕመናን በመኪና እየተጫኑ ወደ ገደል አፋፍ ተወስደው ተረሸኑ። ቀጥሎም ዲያቆናቱ። የግራዚያኒ የራሱ ሪፖርቶች ድምራቸው 449 ነው። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቦታው ድረስ ሄደው ባጠኑት ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ ይደርሳል። ሰው በዓሉን ጠብቆ፣ መኪና መድቦ፣ ስም ቆጥሮ፣ ሪፖርት ጽፎ አያብድም። ይህ የቢሮ ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ሳይቀሩ «ወሬ ያናፍሳሉ» ተብለው እየተለቀሙ ተገደሉ። ውጭ አገር የተማሩት ወጣቶች፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ተለይተው ተፈለጉ። የቀረው ወደ ደናኔና ኖክራ እስር ቤቶች፣ መኳንንቱ ወደ ጣሊያን ተጋዘ። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተወስደው እዚያው ቶሪኖ ከተማ በ1933 መጀመሪያ አረፉ። ባላቸው በሐይቆቹ አገር፣ እሳቸው በባዕድ ከተማ። ለፊልም የሚሆን ሰው ቸግሮን አይደለም።

🔹 ፊልሞቹ ምን ሆኑ?

ጣሊያን «የበረሃው አንበሳ»ን እ.ኤ.አ በ1982 የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብላ ከለከለች። በአገሪቱ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ በ2009 ጋዳፊ ሮምን ሲጎበኙ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ በ1989 «የፋሽዝም ውርስ» የሚል በሁለት ክፍል የቀረበ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ በኢትዮጵያ፣ በሊቢያና በዩጎዝላቪያ የተፈጸመውን አሳየ። የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ፊልሙን ገዛው፤ ገዝቶም ሳያሳየው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ለማሳየት ሳይሆን እንዳይታይ የተገዛ ነው የሚመስለው።

እ.ኤ.አ በ2012 አፊሌ የምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ፣ 127,000 ዩሮ ወጥቶበት፣ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠራች። ቫሌሪዮ ቺሪያቺ የተባለ ጣሊያናዊ ዳይሬክተር በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ በ2015 ዘጋቢ ፊልም አወጣ፤ ኢትዮጵያም ድረስ መጥቶ ቀርጿል። እ.ኤ.አ በ2017 ፍርድ ቤት ከንቲባውን ጥፋተኛ ብሏቸው ነበር፤ መታሰቢያው ግን ወዲያው አልፈረሰም።

ግራዚያኒስ? ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የ10 ሰዎች ስም አቅርባ ነበር። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ኮርቴዜ፣ ጌሎዞም አሉበት። በኢትዮጵያ ለሠሩት አንዳቸውም ችሎት አልቆሙም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነው። 19 ዓመት ተባለ፣ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ፣ የኒዮ ፋሽስቱ ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ በ1955 አልጋው ላይ ሞተ።

እኛስ? ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ በ1999 «ዓድዋ»ን ሰጥቶናል። ድላችንን በፊልም አየነው። ሊቢያ ለዑመር ሙክታር ያላትን ያህል ግን እኛ ለየካቲት 12 የለንም። በዓመት አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ እናስቀምጣለን፣ መለከት ይነፋል፣ ታክሲው መንገዱን ቀይሮ ይዞራል፤ በቃ።

🔹 ለምን ዛሬ?

አንዳንዶቻችሁ «የ1929ን ነገር አሁን ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። ያመጣው ያ «በቀል» የሚለው ቃል ነው።

እዚህ አገር ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? መንደር ይቃጠላል፣ ሰው በስሙ፣ በቋንቋው፣ በመታወቂያው ተለይቶ ይገደላል። ማግስቱን አንዱ ብቅ ይልና «ቀድመው ስለነኩን ነው» ይላል። ወዲያው ሁላችንም ማን ቀድሞ ነካ የሚለውን ፍለጋ እንገባለን። ገዳዩ እፎይ ይላል፣ ምክንያቱም ወሬው ከሱ ወደ ሟቹ ወገን ዞረ። ዝርፊያውን ደግሞ ማንም አያነሣውም። የሟቹን ቤት ማን ገባበት? ከብቱን ማን ነዳው? ሱቁን ማን ከፈተው? ይህ ሲጠየቅ ብዙ «ቁጣ» ስም ይወጣለታል።

የግራዚያኒን ማመካኛ የማንቀበል ከሆነ የራሳችንንም ሰው ማመካኛ መቀበል አንችልም። የተለየ ሚዛን የለም። የካቲት 12ን በደንብ ያወቀ ሰው ሌላ ቦታ ያንኑ ነገር ሲያይ ለመለየት አይቸገርም፤ ትዕዛዙ ከሰበቡ ቀድሞ ይመጣል፣ የሚመታው ጥፋተኛው ሳይሆን ያገኙት ይሆናል፣ ከእሳቱ በፊት ሳጥኑ ይበረበራል።

እናም ፊልሙን የምትሠሩ ልጆች፣ እዚህ ቻናል ላይ አላችሁ አውቃለሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቦምቡ አትጀምሩ። በቴሌግራሙ ጀምሩ። ሮም ውስጥ አንድ ጸሐፊ ቁልፍ ሲመታ አሳዩን። ከዚያ ሐይቆቹን፤ የተራበ፣ የቆሰለ፣ ጥይት ያለቀበት ጦር። ከዚያ ለሁለት ብር የተሰለፈች አንዲት ዓይነ ስውር ሴት። ቦምቡ ሲፈነዳ ተመልካቹ ታሪኩ ከጀመረ መቆየቱን ይወቅ።

ከሻላ ስንመለስ የወንድሜ ልጅ ብዙ አላወራም። ላንጋኖ ስንደርስ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ሊሴ ገብረ ማርያም የሚባለው ት/ቤት… በእሳቸው ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«በእሳቸው ነው» አልኩት።

በእናንተ አካባቢ በ1929 ስለሆነው ከአያት ከቅድመ አያት የሰማችሁት ካለ፣ በተለይ ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔና ከጉራጌ ወገን ያላችሁ፣ ጻፉልኝ። የሚያስታውሱት እያለፉብን ነው።

ቸር ሰንብቱ።